ዓይን የማውጣት ቀዶ ሕክምና፦ የስሙና የክፍያው ታሪክ



ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ለሕክምና የሄደ ሰው «ዓይንህ መውጣት አለበት» ሲባል፣ ከድንጋጤው ቀጥሎ ቤተሰቡ የሚጠይቀው «ስንት ይፈጃል? በሬው ይሸጥ?» ብሎ ነው። መልሱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የቀዶ ሕክምናው ስም ነው።

«ዓይን ማውጣት» የምንለው ሦስት የተለያየ ሥራ ነው፦

🔹 ኢቪሰሬሽን፦ የዓይን ኳሱ ውስጡ ብቻ ይወጣል፣ ነጩ ሽፋን ይቀራል።
🔹 ኢኑክሊዬሽን፦ ኳሱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል።
🔹 ኤክሰንተሬሽን፦ ኳሱ በዙሪያው ካለው ጡንቻና ስብ ጋር፣ አንዳንዴም ከቆቡና ከአጥንቱ ጋር ይወጣል። ከባዱ ይህ ነው፤ በአብዛኛው የሚሠራው ለካንሰር ነው።

ጀርመናዊው ጌዎርግ ባርቲሽ ዓይን ስለማውጣት በመጽሐፉ ያሳተመው እ.ኤ.አ በ1583 ነበር። ያኔ ማደንዘዣ የለም፤ ለሒሳብ የሚሆን የአሠራር ዝርዝርም የለም። እ.ኤ.አ በ1966 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለሕክምና ሥራዎች መለያ ቁጥር ማውጣት ጀመረ። ዛሬ በዚያ መዝገብ ኢቪሰሬሽን በ65091፣ ኤክሰንተሬሽን በ65110 ይጀምራል፤ አጥንት አብሮ ከተነሳ 65112 ይሆናል። ሥራው ሲከብድ ቁጥሩም ክፍያውም ይለያል።

በእኛ አገር ክፍያው በሌላ መንገድ መጣ። በ1990 ዓ.ም የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ጸደቀ፤ የጤና ተቋማት ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት፣ መክፈል የማይችሉም በነፃ እንዲታከሙ መንገድ ከፈተ። በ2003 ዓ.ም ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ13 ወረዳዎች ተሞከረ። በአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ተሁለደሬና የእኛው ዞን ፎገራ ነበሩ። አባሉ በዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታከም ተቋሙ የሰጠውን አገልግሎት ዘርዝሮ ሒሳቡን ከመድኑ ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ሥራ ለመድኑ እንዳልተሠራ ነው።

ስለዚህ፦

✅ መዋጮውን በወቅቱ አሳድሱ፤ ሕመም ቀጠሮ አይሰጥም።
✅ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ይዛችሁ ሂዱ። ደረጃውን የዘለለ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል።
✅ የበሽታውና የቀዶ ሕክምናው ስም በወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፉን ጠይቁ።
✅ ለመልክ ተብሎ የሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው ስለማይሸፈን፣ ስለ ሰው ሠራሽ ዓይን አስቀድማችሁ አጣሩ።
✅ የናሙና ምርመራ ውጤትና ደረሰኝ አትጣሉ።

ከሁሉም በላይ፦ በዓይን ነጭ ላይ የሚያድግ እብጠት ወይም ሥጋ ካያችሁ፣ በሕፃን ብሌን ላይም ነጭ ነጸብራቅ ካስተዋላችሁ አትዘግዩ። በደጋችን ጠንካራ ፀሐይ ዕድሜ ልኩን የሚውል ገበሬ ለዓይን ሽፋን ካንሰር የበለጠ ይጋለጣል። በጊዜ የመጣ ታካሚ እብጠቱ ብቻ ተቆርጦለት ዓይኑ ሊተርፍ ይችላል። የዘገየ ግን ዓይኑን ይከፍላል፤ አንዳንዴም ሕይወቱን።