የጠባብ ፊደል እግሮች

በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከአንድ ዛፍ ሥር ቆሜ በማስታወሻዬ «ጥቁር እንጨት» ብዬ ጻፍሁ። ይህ ስም በጠባብ ሰሌዳ ላይ እንዴት ይስፈር?

ፈረንጆች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለማስታወቂያቸው ሸንቃጣ የርእስ ፊደል ቀርጸዋል። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለየው በቅጥያው ነው። ጠን ተመልከቱ፤ ጭረቷ ከቀኝ እግሯ ወገብ ስትወጣ ጡ፣ ከግርጌ ስትወጣ ጢ ትሆናለች። በኮምፒዩተር ከጎንና ከጎን ስትጨፈለቅ ቋሚው ይሰለላል፣ አግዳሚው እንደ ወፈረ ይቀራል፣ ሦስቱ እግሮች ይጣበቃሉ።

ዮሐንስ ፖትከን በ1513 (እ.ኤ.አ.) መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ሮም ላይ ያሳተመው ፊደሉን አስቀድሞ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ ነው። ዩኒኮድ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ለፊደላችን ቁጥር ሰጠ እንጂ መልክ አልሰጠም። መልኩን መቅረጽ የእኛ ዕዳ ነው፤ ሕፃን የዛፉን ስም የሚለየው በዚያች ጭረት ነውና።