መንኰራኵር በጋይንት ዳገት

በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ሲጀምሩ፣ ከሠራዊታቸው ጋር የሚጎተት አንድ ከባድ ሸክም ነበር። እሱም ሴባስቶፖል ነው። 7 ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ይህ መድፍ የተሠራው በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ነው። ሠሪዎቹ በስዊስ አገር ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን የመጡ የእጅ ባለሙያዎችና ከእነሱ ጋር የሚውሉ ያገር ልጆች ነበሩ። መድፉን ብቻ አልነበረም የሠሩት፤ የሚሸከመውን ባለ መንኰራኵር ሠረገላም አብረው ሠርተዋል።

ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ የጉናን ጥግ ይዞ ጋይንትን ማቋረጥ፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ደጋ መውጣት፣ ከዚያም የጅጣንና የበሽሎን ገደሎች መውረድና መውጣት ግድ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ለመንኰራኵር የሚሆን መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ዓለቱን በባሩድ እያፈረሱ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ ዳገቱን አለፉት። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ነገሩ ሁሉ አከተመ። ሴባስቶፖል ግን ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ።

ይህን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። እኔ ያነሣሁት ግን ስለ መድፍ ልጽፍ አስቤ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሌላ መንኰራኵር ነው፤ መራመድ ለማይችል ሰው እግር እንዲሆን የተሠራው ተሽከርካሪ ወንበር። ሁለቱን ያገናኘኋቸው ያ የ1860 ጉዞ አንድ ነገር ስለሚያስተምረን ነው። ይኸውም መንኰራኵር ብቻውን የትም አይሄድም፤ መንገድና ባለሙያ አብረውት ካልሄዱ ብረት ነው።

የበጌምድር ገበሬ ያን መንገድ በበጎ ዓይን አላየውም። አገሩ በንጉሡ ሠራዊት ተዘርፎ፣ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ሸፍቶ የነበረበት ጊዜ ነው። መድፉ አለፈ፤ መንገዱም ባለቤት አጣ። ከዚያ በኋላ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለብዙ ዓመታት የበቅሎና የአህያ አገር ሆነው ቆዩ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራው በደርግ ዘመን ነው። እሱም ቢሆን የሚያልፈው በደጋው ጫፍ ነው። ወደ ታች ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘቀዝቀው አገር ከመንገዱ ርቆ ቀረ።

ታዲያ በዚህ አገር መራመድ ያልቻለ ሰው በምን ይሄድ ነበር? ያለው በበቅሎ ይሄድ ነበር። የሌለው በሰው ጀርባ፣ በዱላ፣ ወይም በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ። ሕመም ሲጠና ደግሞ ቃሬዛ አለ። ቃሬዛ የኅብረተሰባችን ታላቅ ፈጠራ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ተራ እየተለዋወጠ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ ሕመምተኛውን ከሐኪም ያደርሰዋል። ነገር ግን ቃሬዛ የሚወጣው ለሁለት ጉዳይ ብቻ ነው፤ አንድም ለማዳን፣ አንድም ለመቅበር። ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ ወይም አንዲት ሴት ቅዳሜ ገበያ ወጥታ በርበሬዋን እንድትሸጥ ቃሬዛ ይዞ የሚነሣ መንደር የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ሰው ሥራ አለው። የሰው ደግነት የማይደርስበት ያ የየዕለቱ ኑሮ ነው እንግዲህ የተሽከርካሪ ወንበር ቦታ።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። 38 ዓመት ሙሉ በመጠመቂያው ዳር የተኛው ሰው ስሞታ ስለ ሕመሙ አልነበረም። ውኃው ሲናወጥ ወደ ውስጥ የሚያወርደው ሰው ስለማጣቱ ነበር። ሌላው እየቀደመው ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ይህን በየዓመቱ ታስታውሰናለች። እኛ ግን ፈውሱን እናስታውስና ስሞታውን እንረሳዋለን።

አሁን ወደ ወንበሩ ታሪክ እንለፍ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው፣ መሐሉ ላይ የሚታጠፈው የብረት ተሽከርካሪ ወንበር የተወለደው በአሜሪካ ነው። ኸርበርት ኤቨረስት የተባለ መሐንዲስ በማዕድን ጉድጓድ አደጋ ጀርባው ተሰብሮ መራመድ ካቃተው በኋላ፣ ከወዳጁ ከሃሪ ጄኒንግስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1933 ሠራው። የታሰበው በመኪና ውስጥ ታጥፎ እንዲገባ ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ወንበሩ የተወለደው መኪና ላለው፣ አስፋልት ለተነጠፈለት ሰው ነው።

በበለጸጉት አገሮች ወንበሩ ሲበዛ አሮጌውም በዚያው ልክ በዛ። ሽማግሌው ሲሞት፣ ሕፃኑ ሲያድግ፣ አዲስ ዓይነት ሲወጣ፣ ያገለገለው ወንበር ምድር ቤት ይጣላል። ይህን ሰብስቦ፣ ጠግኖ ወደ ድሃ አገር የመላክ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተጀመረው ሥራ ነው። ጀማሪዋ ጆኒ ኤሬክሰን ታዳ ራሷ በወጣትነቷ ውኃ ውስጥ ዘልላ አንገቷ ከተጎዳ በኋላ በወንበር የምትኖር ናት። እዚያ ወንበሮቹን ከሚጠግኑት መካከል በወህኒ ቤት ያሉ እስረኞች ይገኙበታል። ከግቢ መውጣት የማይችል ሰው፣ ከቤት መውጣት ለማይችል ሰው ጎማ ሲያስተካክል ይውላል።

በእኛ አገር ሥራው ቀደም ያለ መሠረት አለው። እንግሊዛዊው የጦር አውሮፕላን አብራሪ የነበረው ሊዮናርድ ቼሻየር በስሙ የሚጠራው ድርጅት በመናገሻ በፖሊዮ ለተጎዱ ሕፃናት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ለአካል ጉዳተኞች መቋቋሚያ የሚሆን የመንግሥት ድርጅት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ተቋቋመ። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በዚህ መስክ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ያገለገለውን ወንበር በማደስ ረገድ ደግሞ በስዊሶች ጠንሳሽነት የተቋቋመው «አዲስ ጉዞ» የተባለው ድርጅት ይጠቀሳል። በስዊስ አገር የተሰበሰቡ ወንበሮችን በኮንቴይነር አዲስ አበባ እያስመጣ፣ በወርክሾፑ እየጠገነና ለሚፈልገው ሰው እያስተካከለ ሲሰጥ ቆይቷል። ከጠጋኞቹ ውስጥም ራሳቸው አካል ጉዳተኞች የሆኑ አሉ። የጋፋትን ባለ እጆች ለሚያስታውስ ሰው፣ ከ150 ዓመት በኋላ ከዚያው አገር መንኰራኵር መምጣቱ ያስገርመዋል። የአሁኑ ሰው አይገድልም።

ለመሆኑ ማደስ ማለት ምን ማለት ነው? ወንበሩ መጀመሪያ ይፈታል። መቀመጫው ይወልቅና ይታጠባል፤ ያረጀው ይለወጣል። የኋላው ትልልቅ ጎማ ኩሽኔታ ይፈተሻል፤ የላላ ራጂ ይወጠራል፤ የተጣመመ ቼርኪ ይቃናል። የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች ሹካ ይስተካከላል። ፍሬኑ ይጠብቃል፤ የእግር ማሳረፊያው ቁመት ይለካል። እነዚህ ቃላት ከየት እንደመጡ አንባቢ ሳያውቅ አይቀርም። ከጣልያን ናቸው። ጎሚስታውም እንዲሁ። መኪና ሲመጣ ጠጋኙ አብሮ መጣ፤ ጠጋኙ ሲመጣ ቃሉ አብሮ መጣ። እያንዳንዱ መንኰራኵር የሚዘልቀው የሚጠግነው ሰው ካፈራ ብቻ ነው።

እስቲ አሁን ያ የታደሰ ወንበር ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ ለምትኖር ለአንዲት ልጅ ደረሰ እንበል። ቀኑ በዓል ነው። ወንበሩ ያብረቀርቃል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ማግሥቱን ግን የፊት ጎማው፣ ያ ስንዝር የማይሞላው፣ ከበሩ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ይሰነቀራል። ክረምት ሲገባ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ወንበሩ ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ነውና የፊት እግሩ አጭር ነው፤ ቁልቁለት ላይ ወደፊት ይደፋል። በሦስተኛው ወር ካላማዳሪው ይተነፍሳል። ጎሚስታው ዘንድ ቢወሰድ የብስክሌቱ ጎማ አልገጥምም ይላል፤ ሁለቱም 24 ኢንች እየተባሉ ልካቸው የሚለያይ ጎማዎች አሉና። ወንበሩ ጓዳ ይገባል። ልጅቱም ወደ ነበረችበት ትመለሳለች፤ ልዩነቱ አሁን ተስፋ አይታ መመለሷ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ልኩ ያልሆነ ወንበር ይጎዳል። ሰፊ ከሆነ ጀርባ ያጣምማል። ከታች ስሜት የሌለው ሰው ተገቢ ፍራሽ በሌለው መቀመጫ ላይ ሲውል ሳያውቀው ይቆስላል፤ ያ ቁስል ሲያመረቅዝ ነፍስ ያጠፋል። የበጎ አድራጊው ሐሳብ ደግ ነበር፤ ሳይለካ የተሰጠ ወንበር ግን ሳይመረመር እንደተሰጠ መድኃኒት ነው።

ይህን ቀድሞ ከተረዱት አንዱ ራልፍ ሆችኪስ ነው። በወጣትነቱ በሞተር ብስክሌት አደጋ መራመድ ያቃተው ይህ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ኒካራጓ ሄዶ አንድ ወንበር ለአራት የሚጋሩ ወጣቶች አገኘ። ወንበሩን ደጋግመው ሰብረው ደጋግመው ጠግነውት ነበር። ሆችኪስ ሊያስተምር ሄዶ ተማረ። ያኔ የጀመረው ሥራ የፊት ጎማው ሰፊና ለስላሳ የሆነ፣ ከፊት ረዘም ያለ፣ በየአገሩ በሚገኝ ብረትና ብየዳ የሚሠራ ወንበር አስገኘ። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ወንበር ማደል ስምንት ደረጃ ያለው አገልግሎት እንጂ ዕቃ መስጠት ብቻ እንዳልሆነ ደነገገ። ሰውየው ይመረመራል፣ ይለካል፣ ወንበሩ ይመረጣል፣ ይዘጋጃል፣ ይገጠምለታል፣ አጠቃቀሙን ይማራል። የመጨረሻው ደረጃ ክትትልና ጥገና ነው። ልገሳ የሚጎድለውም እሱው ነው።

ችግሩ የጥቂት ሰዎች ነው የሚል ቢኖር ይሳሳታል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ሆኖ የተመዘገበው ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ግን በዓለም ከመቶ 15 ያህሉ አካል ጉዳት አለበት። ልዩነቱን የሚያስረዳው ኢትዮጵያ ጤነኛ መሆኗ አይደለም። ቆጣሪው በር ላይ ሲቆም ጓዳ ያለው ሰው አይነገርለትም። ፖሊዮ ተመናምኗል። ጦርነት ግን አልተመናመነም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጉና ዙሪያ የጦር ሜዳ ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። እያንዳንዱ ጦርነት ከሟቾቹ ሌላ መራመድ የማይችሉ ወጣቶችን ትቶ ያልፋል።

ሕግማ አለን። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የሕንፃ አዋጁም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ያዛል። ግን ሕጉ የሚናገረው ስለ ሕንፃው ነው፤ እስከ ሕንፃው ስላለው 2 ኪሎ ሜትር አቀበት የሚናገር የለም። ለወንበር ልክና ለሰው ሠራሽ አካል የስማዳ ሰው ባሕር ዳር ድረስ መሄድ አለበት። ከነፋስ መውጫ እንኳ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወገዳ ሲሆን ከዚያም ይርቃል። መራመድ የማይችለውን ሰው ሩቅ እንዲሄድ እንጠይቀዋለን ማለት ነው።

እንግዲህ ልገሳው ይቅር ልል አይደለም። ባዕድ አገር ሆኖ ለማያውቀው ሰው ኩሽኔታ የሚቀባ እጅ የተባረከ ነው። ጉድለቱ ያለው በእኛ በኩል ነው። ወንበሩን ከአውሮፕላን ጣቢያ መቀበል ሥራውን መጨረስ መስሎናል። ከአንድ ኮንቴይነር ወንበር ጋር አንድ ሣጥን መለዋወጫ ይምጣ። በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ ባጃጅ የሚጠግን፣ በር የሚበይድ ወጣት አለ፤ ጥቂት ሳምንት ቢሠለጥን ወንበር ይጠግናል። ሰፋ ያለ የፊት ጎማ መበየድም አያቅተውም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ ዛሬ የሚያስፈልገው አለመስደብ ብቻ ሳይሆን ሥራ መስጠት ነው። ገበሬው በየዓመቱ ለእርከንና ለጥርጊያ ጉልበቱን ሲያዋጣ ኖሯል። ከዚያ ጉልበት ጥቂቱ ከአንዲት ልጅ ደጅ እስከ ትምህርት ቤቷ ቢውል ማን ይጎዳል?

ዐፄ ቴዎድሮስ መንኰራኵሩን፣ ባለሙያውንና መንገዱን አንድ ላይ ባያደርጉ ኖሮ ሴባስቶፖል ከጋፋት ፈቀቅ ባላለ ነበር። የአንድ ተሽከርካሪ ወንበር ወርድ 1 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለ7 ቶን መድፍ ዓለት የፈለጠ አገር፣ ለአንዲት ልጅ 1 ሜትር ጥርጊያ ማውጣት ሊያቅተው አይገባም።