አንድሮሜዳ (በአፈ ታሪክና በሳይንስ ልቦለድ)

አንድሮሜዳ በጥንታዊ ግሪክ አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ነበር።

አፈ ታሪኩ። ካሲዮፔያ የባሕር ቆነጃጅት በሆኑት በኔሬይዶች ላይ በውበት ስለተመጻደቀች፣ የባሕር አምላክ ፖሲዶን ጎርፍና አውሬ ሰደደ። አገሩን ለማዳን ልዕልቲቱ ከቋጥኝ ጋር በሰንሰለት ታሰረች። የጭራቂቱን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ይመለስ የነበረው ጀግናው ፔርሴዎስ አውሬውን ገድሎ አዳናት፤ አገባትም።

በሰማይ። ልዕልቲቱ፣ ወላጆቿና ፔርሴዎስ የኅብረ ከዋክብት መጠሪያ ሆነዋል። በልዕልቲቱ ስም በተጠራው ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ የሚታየው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ከምድር 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። በኅዳር ምሽት፣ ሰማዩ ጥርት ሲልና ጨረቃ ስትጠፋ፣ በወላይታ ዞን በተበላ ከተማ ሆኖ ወደ ሰሜን ቀና ላለ ሰው እንደ ስስ ጉም በዓይን ይታያል።

በሳይንስ ልቦለድ። ሶቭየታዊው ደራሲ ኢቫን የፍሬሞቭ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው «የአንድሮሜዳ ኔቡላ» ልቦለድ የሰው ልጅ ከሌሎች ዓለማት ጋር በሬዲዮ ይነጋገራል፤ ከዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት አንዱ ምቬን ማስ አፍሪካዊ ሳይንቲስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቢቢሲ ባሳየው «ኤ ፎር አንድሮሜዳ» ተከታታይ ድራማ ደግሞ ከአንድሮሜዳ አቅጣጫ የመጣ መልእክት ሰዎችን ኮምፒውተር ያሠራል።

ስለ አንድሮሜዳ ባይሆንም፣ በኢትዮጵያ የተቀረጸው የሚጌል ያንሶ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም «ክራምብስ» (እ.ኤ.አ. 2015) ጀግናውን በፈራረሰ ዓለም ረጅም ጉዞ ያስጉዛል፤ ይህም የሌላውን የግሪክ አፈ ታሪክ ጀግና የኦዲሴዎስን መንከራተት ያስታውሳል። አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ልጅ አድርጎ የተረከው አፈ ታሪክ ለአገራችን ደራስያን ገና ያልተነካ ሀብት ነው፤ ልዕልቲቱን ከአገሯ ወገን ሆኖ መተረክ ለእነርሱ ይገባል።