የላስታ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት እና የተሰደዱ ነገሥታት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ላስታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ላሊበላ ከተማ ያሉትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው። እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል፤ ዓለም ያውቃቸዋል። እኔ ግን የምጽፈው ከከተማው ውጭ፣ በየተራራውና በየዋሻው ስላሉት ነው። የእነርሱ ታሪክ እኛን ስደተኞችን በቀጥታ ይነካናል።

በይምርሐነ ክርስቶስ እንጀምር። ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከድንጋይ የተፈለፈለ አይደለም፤ ተገንብቶ የተሠራ ነው። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ። ይህ የአክሱም ዘመን አሠራር ነው። አክሱም ከደከመች ከብዙ ዘመን በኋላ የዛጉዌ ሰዎች ጥበቧን ይዘው ላስታ ላይ አቆሙት ማለት ነው። መንግሥት ሲወድቅ እጅ የለመደው ሙያ አብሮ አይወድቅም።

ሠሪው ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በፊት የነገሠ፣ ንጉሥም ካህንም የነበረ ሰው ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ግን ከመንገሡ በፊት ስደተኛ ነበር። ይነግሣል የሚል ትንቢት በመሰማቱ ንጉሡ አጎቱ ሊገድለው ፈለገ፤ እርሱም ሸሸ። የላሊበላም ነገር በትውፊት ተመሳሳይ ነው፦ ወንድሙ ሐርቤ ዙፋኑን ፈርቶ አሳደደው ይባላል።

ከላሊበላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው አቅጣጫ ደግሞ ነአኩቶ ለአብ አለ። ከገደል ሥር የተሠራ ነው፤ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበውን ውሃ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ይቀበሉትና ጸበል ይሆናል። ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ዙፋኑን እንዴት እንደለቀቀ ትውፊቱ አንድ አይደለም። ለላሊበላ ልጅ ለይትባረክ ለቀቀ የሚል አለ፣ ለይኩኖ አምላክ አስረከበ የሚልም አለ። ዙፋኑን ያጣው ንጉሥ የተጠለለው በዚህ ዋሻ ነው በሚለው ግን ብዙዎች ይስማማሉ።

ሦስተኛው ገነተ ማርያም ነው። እ.ኤ.አ. በ1270 ዛጉዌን ተክቶ የነገሠው የይኩኖ አምላክ ሥዕል ከነጽሑፉ በግድግዳው ላይ አለ። የእርሱም ወገን ታሪክ የሚጀምረው በሽሽት ነው፦ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ወደ ሸዋ ካመለጠ ወራሽ እንወለዳለን ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ገድሎቹ የተጻፉት ነገሥታቱ ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለዚህ ሁሉን እንደ ፍርድ ቤት ምስክርነት አንውሰደው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ የሚያከብራቸውን ነገሥታት ሁሉ «ተሰድዶ ነበር» ብሎ ሲያስታውስ ለስደት የሚሰጠውን ቦታ እየነገረን ነው። ስደት በላስታ ትውስታ ውስጥ ውርደት አይደለም።

ሌላም አለ። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ እጅግ ብዙ የሰው አፅም ተኝቷል። አባቶች ከግብፅና ከሶርያ ሳይቀር መጥተው እዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው ይላሉ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ያንን ዋሻ አይቶ ጽፏል። ያ ቦታ እንግዳን በሕይወቱም በሞቱም ተቀብሏል። በአገራችን የሚያሳድዱት ሰው ወደ ደብር ቅጥር ከገባ አይነካም የሚል የመማጸኛ ሥርዓትም ነበር። ዛሬ ጥገኝነት እያልን በየቢሮው የምንጠይቀውን ነገር አያቶቻችን ያውቁት ነበር።

ታዲያ ዛሬስ? በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ ደረሰ፤ ከተማዋ በወራት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። በ2016 ዓ.ም.ም እንደገና ተኩስ ተሰማባት። ላሊበላ ሲነካ ዓለም ይጮኻል። የገጠሩ ደብር ግን ያለው አንድ ቁልፍ የያዘ ቄስ ነው። እርሱ ከተሰደደ ብራናውን ማን ይጠብቃል? ዲያቆኑ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደዚህ ወደ ናይሮቢ ከወጣ ዜማውን ማን ያስተምራል? አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጅየም ተገኘ፣ በ2001 ተመለሰ። የተመለሰው ስም ስላለው፣ ስለሚታወቅ ነው። ያልተመዘገበ የገጠር መስቀል ቢጠፋ የእኛ ነው ብለን በምን እናስረዳለን?

ስለዚህ ከላስታም ሆነ ከሌላ ገጠር የወጣችሁ ወገኖቼ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ አባትና እናቶቻችሁን በስልክ ስታገኙ ስለ ደብራቸው ጠይቁ፤ ማን ተከለው፣ ምን ንዋየ ቅድሳት ነበረው፣ ድምፃቸውን ቅዱ። ሁለተኛ፣ ብራና ወይም መስቀል ለገበያ ወጥቶ ካያችሁ ዝም አትበሉ። ሦስተኛ፣ ቅርሱ የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ ፎቶ በአደባባይ አትለጥፉ፤ የምንጽፈውን ሌባም ያነበዋል።

በስደት የተወለዱ ልጆቻችን «ከየት ነን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። «ከጦርነት ሸሽተን» ብቻ ብለን አንመልስላቸው። ሸሽተው የነበሩ ሰዎች ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ የቆመ ቤት ከሠሩበት አገር መሆናችንን ጨምረን እንንገራቸው።

ሌላው ወገን እንዲያነበው አጋሩት። የደብራችሁን ታሪክ ደግሞ ከታች ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ። ሰላም ለአገራችን፣ ሰላም ለስደተኛው ሁሉ።