ስለ በረዶ ላይ ሆኪ ታሪክና ስለ ፊልሞቹ ምስክርነት

ነገር በሸንጎ ሲታይ ዳኛ ከሳሽን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ ተከሳሽንም ይሰማል፥ ከዚያም ምስክር ያስጠራል። ምስክሩም በዓይኑ አይቶ እንደ ሆነ፥ ወይም ከሌላ ሰምቶ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ታሪክን የሚመረምር ሰው ሥራም ከዚህ የራቀ አይደለም። በዘመናችን ግን ከመጽሐፍና ከሽማግሌ አፍ ሌላ ሦስተኛ ምስክር ተነሥቷል፤ ይኸውም የታሪክ ሲኒማ፥ በአሁኑ አጠራር ዘጋቢ ፊልም የሚባለው ነው። ይህ ምስክር የሞተውን ሰው ሲራመድ ያሳያል፥ ያለፈውን ድምፅ ያሰማል፤ ስለዚህ ተመልካቹ ያየሁት ሁሉ እውነት ነው ብሎ ፈጥኖ ያምነዋል። ነገር ግን ፊልምንም የሚሠራው ሰው ነውና የሚያሳየውን መርጦ የቀረውን ይተዋል። እኛም ዛሬ ይህን ነገር በአንድ ጨዋታ ታሪክ ልንመረምረውና ሊታዩ የሚገባቸውን ፊልሞች ለአንባብያን ልናመለክት ወደድን። ጨዋታውም የበረዶ ላይ ሆኪ ይባላል።

ይህ ጨዋታ ለአገራችን ሰው እንግዳ ቢመስልም የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሁሉ መሠረቱን በቀላሉ ይረዳዋል። በገና ጫፉ የቈለመመ በትርና ሩር እንዳለ ሁሉ በሆኪም ቈልማማ በትር አለ፤ በሩሩ ፈንታ ግን 170 ግራም ያህል የሚመዝን ክብና ጠፍጣፋ ጐማ ይመታል። ተጫዋቾቹ ከጫማቸው በታች የብረት ስለት አድርገው በረጋ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ይጋጠማሉ፤ በየወገኑም ግብ ጠባቂውን ጨምሮ 6 ሰዎች ይሰለፋሉ።

ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። በካናዳ ምሥራቅ፥ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው አገር፥ የጥንቱ ባላገሮች ሚክማቆች ለጨዋታው በትር እየጠረቡ ይሸጡ ነበር፤ ሰዎችም በክረምት በረጋው ሐይቅ ላይ ያለ ጽኑ ሥርዐት ይጫወቱ ነበር። በማርች 3 ቀን 1875 ግን ጀምስ ክሬይተን የተባለ ሰው በሞንትሪያል ከተማ፥ ቪክቶሪያ በሚባለው ጣራ ባለው አዳራሽ ውስጥ፥ በየወገኑ 9 ተጫዋቾች አሰልፎ የታወቀውን የመጀመሪያ ግጥሚያ አደረገ። ድብልብል ኳስ ዘሎ ተመልካቹን እንዳይጐዳ ጠፍጣፋ እንጨት ተተካ። በ1892 የእንግሊዝ ንግሥት እንደራሴ ሆኖ በካናዳ የተቀመጠው ሎርድ ስታንሊ የብር ዋንጫ ሰጠ፤ በ1893ም ለመጀመሪያ ጊዜ የሞንትሪያል ቡድን ተሸለመ። በ1917 ታላቁ የሆኪ ማኅበር፥ ብሔራዊ ሊግ የሚባለው፥ ተመሠረተ። በ1919 ግን የኅዳር በሽታ ብለን የምናውቀው ያ ወረርሽኝ ተጫዋቾቹን ስለ ጣላቸው የዋንጫው ፍጻሜ ሳይፈጸም ቀረ፤ ጆ ሆል የተባለውም ተጫዋች በዚያው ሞተ። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው አንሥቶ በተራ ማወቅ የሚወድ ሰው የካናዳ ማሠራጫ ድርጅት በ2006 በ10 ክፍል ያወጣውን «ሆኪ፥ ኤ ፒፕልስ ሂስትሪ» የተባለውን ይመልከት፤ ትርጓሜውም «ሆኪ፥ የሕዝብ ታሪክ» ማለት ነው።

ነገር ግን ከዚህ ታላቅ ታሪክ አጠገብ ብዙ ዘመን ምስክሩ ሳይጠራ የቀረ ሌላ ታሪክ አለ። ብሔራዊው ሊግ ከመመሥረቱ 22 ዓመት አስቀድሞ፥ በ1895፥ በሃሊፋክስ ከተማ ጥቁሮች ካናዳውያን የራሳቸውን የሆኪ ማኅበር አቋቋሙ። አባቶቻቸው ከአሜሪካ የባርነት ቀንበር አምልጠው የመጡ ነበሩ። ማኅበሩን ያቆሙት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባክያንና የተማሩ ሰዎች ሲሆኑ፥ አሳባቸውም ጐልማሶቹ በጨዋታው ተስበው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀርቡና በሥነ ሥርዐት እንዲያድጉ ነበር። ጆርጅና ዳሪል ፎስቲ ይህን ታሪክ ቈፍረው በ2004 ባወጡት መጽሐፍ ከመሥራቾቹ አንዱ ሄንሪ ሲልቬስተር ዊልያምስ ነው ይላሉ፤ ይህም ሰው በ1900 በለንደን የመጀመሪያውን የጥቁር ሕዝቦች ጉባኤ የጠራው ነው። በዚያም ጉባኤ የዳግማዊ ምኒልክ ባለሟል የተባለው የሃይቲው ተወላጅ ቤኒቶ ሲልቫን ተቀምጦ እንደ ነበር ለአንባብያን ማስታወስ ይገባል።

እነዚህ ቡድኖች የበረዶውን አዳራሽ የሚያገኙት የነጮቹ ቡድኖች ከተጠቀሙበት በኋላ ስለ ነበረ የጨዋታቸው ወራት አጭር ነበር። ይሁን እንጂ በአጫዋወታቸው ፈጣኖችና ብልሆች ነበሩ፤ የዳርትመዙ ግብ ጠባቂ ሄንሪ ፍራንክሊን ጐማውን ለመያዝ በበረዶው ላይ እንደ ወደቀ ይነገራል፥ ይህም በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበር። ማኅበሩ እስከ 1930 ገደማ ቈይቶ ጠፋ። ከቡድኖቹ አንዱን ያበቀለችው አፍሪክቪል የምትባለው መንደርም በ1960ዎቹ ዓመታት በከተማው ትእዛዝ ፈረሰች፤ ቤተ ክርስቲያንዋም በ1967 በሌሊት ፈረሰች። በ2010 የሃሊፋክስ ከንቲባ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ።

ይህን ነገር የሚናገሩ ሦስት ፊልሞች አሉ። አንደኛው በ2022 ሂዩበርት ዴቪስ ያዘጋጀው «ብላክ አይስ» ነው፤ በቶሮንቶ የፊልም በዓል ከዘጋቢ ፊልሞች መካከል የተመልካቹን ሽልማት አግኝቷል። ሁለተኛው በ1991 የካናዳ የፊልም ቦርድ ያወጣው «ሪሜምበር አፍሪክቪል» ሲሆን፥ ነገሩ ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ፈረሰችው መንደር ነው። ሦስተኛው በ2019 የወጣው «ዊሊ» ነው፤ ይኸውም በጃንዋሪ 18 ቀን 1958 በብሔራዊው ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ የተሰለፈውን የዊሊ ኦሪን ታሪክ ይተርካል። ይህ ሰው ቀኝ ዓይኑን ጐማ መትቶት ታውሮ ሳለ፥ ቢታወቅ እንዳያባርሩት ምስጢሩን ደብቆ ተጫወተ።

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ እነዚህ ፊልሞች የአንድ ወገን ምስክር ብቻ አይደሉምን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው፤ ሌላው ወገን መቶ ዓመት ያህል ብቻውን ሲናገር ኖሯል፤ ስለዚህ ያልተሰማውን መስማት ሚዛኑን ማስተካከል እንጂ ማዳላት አይደለም።

ሁለቱ ወገኖች እኩል የተሰሙበትን ጉዳይ ለማየት ደግሞ የሶቪየትን ታሪክ መመልከት ይገባል። ሶቪየቶች ይህን ጨዋታ በሥርዐት የጀመሩት በ1946 ሲሆን፥ በ1954 ካናዳን 7 ለ 2 አሸንፈው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በ1972 ከካናዳ ጋር 8 ጊዜ ተጋጠሙ፤ ካናዳ 4 አሸነፈች፥ 3 ተሸነፈች፥ አንዱን እኩል ወጣች፤ የመጨረሻዋም ግብ የገባችው ጨዋታው ሊያልቅ 34 ሴኮንድ ሲቀረው ነው። ነገር ግን በስድስተኛው ግጥሚያ የካናዳው ክላርክ የሶቪየቱን ታላቅ ተጫዋች የካርላሞቭን ቍርጭምጭሚት በበትር መትቶ ጐድቶታል። ይህን ሳያነሣ ድሉን ብቻ የሚያወድስ ፊልም ግማሽ ምስክር ነው።

እንዲሁም በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1980 የአሜሪካ ተማሪዎች በሌክ ፕላሲድ ሶቪየቶችን 4 ለ 3 ድል ነሡ። ብዙ ሰው ወርቁን ያገኙት በዚያ ቀን ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከሁለት ቀን በኋላ ፊንላንድን ደግሞ ማሸነፍ ነበረባቸው። ይህን ድል ከአሸናፊዎቹ አፍ ለመስማት በ2001 የወጣው «ዱ ዩ ቢሊቭ ኢን ሚራክልስ» አለ፤ ከተሸናፊዎቹ አፍ ለመስማት ደግሞ በ2015 የወጣው «ኦቭ ሚራክልስ ኤንድ ሜን» አለ። ሁለቱን በተከታታይ ያየ ሰው ያው አንድ ግጥሚያ ለአንዱ ተአምር፥ ለሌላው ግን ዕድሜ ልክ የማይሽር ቍስል እንደ ሆነ ይረዳል። በ2014 የወጣው የጌብ ፖልስኪ «ሬድ አርሚ» ደግሞ የእነዚያን ተጫዋቾች ኑሮ ያሳያል፤ አለቃቸው ቪያቼስላቭ ፌቲሶቭ ለአገሩ ብዙ ክብር ካመጣ በኋላ፥ ወደ ውጭ አገር ሄጄ ልጫወት ባለ ጊዜ የደረሰበትን መከራ ራሱ ይናገራል። ባሸነፉም ጊዜ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ከቤተ ሰባቸው ተለይተው በሠፈር ተዘግተው ይኖሩ ነበር።

እንግዲህ ጊዜው የጠበበበት ሰው ሦስቱን ይምረጥ፤ «ብላክ አይስ»ን፥ «ኦቭ ሚራክልስ ኤንድ ሜን»ን፥ «ሬድ አርሚ»ን። ሲመለከትም ሦስት ጥያቄ በልቡ ይያዝ፤ የሚናገረው ማን ነው? ሊናገር ሲገባው ያልተጠራው ማን ነው? የሚታየው ሥዕል በዚያው ቀን የተነሣ ነው ወይስ በኋላ ለማስመሰል የተሠራ? ይህን የለመደ ሰው ስለ በረዶ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ስለ አገሩም ታሪክ ሲነገረው አጣርቶ ይሰማል። የእኛም ሽማግሌዎች ያዩትን እየያዙ በየቀኑ ያልፋሉ፤ ያፍሪክቪል ሽማግሌዎች በጊዜ ባይጠየቁ ኖሮ ዛሬ የሚመሰክር አይገኝም ነበር።