የተረት ፍጡራንና የሕፃናት ጥርጣሬ

ሕፃን ሲያስቸግር «ዝም በል፤ ጭራቅ ይመጣብሃል» ብሎ ማስፈራራት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አምኖ ያደገ ልጅ ኋላ አእምሮው ለምርመራ ይሰንፋልን? ወይስ ያመነውን አንድ ቀን ራሱ ስለሚያፈርሰው መጠራጠርን የሚማርበት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ይሆነዋል? ይህን በግምት ከመፍታት ይልቅ ሁለት የታሪክ ምስክሮችን መጠየቅ ይሻላል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የስዊስ ተወላጅ የሆኑት ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1926 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ሕፃናት ፀሐይና ጨረቃ፥ ደመናና ነፋስ ሕይወትና ፈቃድ ያላቸው ይመስላቸዋል ሲሉ ጻፉ። ይህ የሕፃን ሁሉ ጠባይ ነው ወይስ ከአካባቢው የሚቀበለው? አሜሪካዊቱ ሊቅ ማርጋሬት ሚድ ይህን ለመመርመር ከ1928 እስከ 1929 ከኒው ጊኒ በስተ ሰሜን በሚገኙት በአድሚራልቲ ደሴቶች፥ በማኑስ ሕዝብ መካከል ተቀመጡ፤ ውጤቱንም በ1932 አሳተሙ።

የማኑስ ሰዎች ያን ጊዜ ባሕር ላይ በምሰሶ በቆሙ ቤቶች ይኖሩ ነበር። የሟቹን የቤት ጌታ ራስ ቅል በቤት አኑረው፥ መንፈሱ ቤተ ሰቡን ይጠብቃል፥ ጥፋተኛውንም በበሽታ ይቀጣል ብለው ያምኑ ነበር። ልጆቻቸው ግን እንዲህ አልነበሩም። ታንኳ ተንሳፋ ብትሄድ በደንብ አለመታሰሯን ይናገራሉ እንጂ የታንኳይቱ ክፋት ነው አይሉም። ከሣሏቸው ብዙ ሺህ ሥዕሎች መካከልም ፀሐይን ወይም ጨረቃን በሰው አምሳል የሚያሳይ አልተገኘም። ሚድ ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ ወላጆች ልጆቹን ገና በሕፃንነታቸው ዋናና ታንኳ መቅዘፍ ያስተምሯቸዋል፤ የመናፍስቱን ነገር ግን ለዐዋቂዎች ይተዉታል አሉ።

እንግዲህ ከተረት የራቀ ልጅ መርማሪ ሆኖ ያድጋል ለማለት እንቸኩል ይሆናል። ነገር ግን መናፍስትን የሚፈሩት የማኑስ ዐዋቂዎች ራሳቸው በዚያው ባህል ያደጉ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በነዚያው ደሴቶች ብዙ ሰዎች፥ ሙታን ዘመዶቻችን በመርከብ ዕቃ ጭነው ይመጣሉ ብለው ንብረታቸውን ወደ ባሕር ጣሉ። የማኑስ ልጅ በመናፍስት ያላመነው መርምሮ ስለ ጣለው አይደለም፤ ገና ስላልቀረበለት ነው። ያልተፈተነ አለማመንም እንዳልተፈተነ እምነት ደካማ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከኒው ዮርክ ነው። በ1897 ቨርጂኒያ ኦሃንሎን የተባለች የ8 ዓመት ልጅ፥ ጓደኞቿ የገና አባት የለም ስላሏት፥ እውነቱን ንገሩኝ ብላ «ሰን» ለተባለው ጋዜጣ ጻፈች። በዚህ የተረት ፍጡር አምና ያደገችው ልጅ እነሆ የተለያዩ ቃሎችን አነጻጽራ ዳኛ ፈለገች። የጠራችው ዳኛ ግን የጋዜጣው ሥልጣን ነበር፤ አባቷ በዚያ ጋዜጣ የወጣ እውነት ነው ብሏት ነበርና። ፍራንሲስ ቸርች የጻፉትና መስከረም 21 ቀን የወጣው መልስም፥ የጓደኞቿን ጥርጣሬ ነቅፎ የገና አባት አለ አላት። መልሱ እስከ ዛሬ በውበቱ ይመሰገናል፤ ነገር ግን ጥያቄዋን ዘጋው እንጂ መመርመሪያ አልሰጣትም።

ሁለቱ ምስክሮች የሚስማሙበት ነገር ይህ ነው፦ የተረት ፍጡር በራሱ የልጅን አእምሮ አያስርም፥ አይፈታምም። ልጁን የሚያስረው ወይም የሚፈታው፥ በጠየቀ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ነው። ስለዚህ የአገራችንን ባህል የሚያጠና ተማሪ ለልጆች የሚነገረውን ተረት ብቻ ሰብስቦ አይመለስ። ልጁ «ጭራቅን አይተኸው ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ታላቁ ምን እንደ መለሰለት፥ በቁጣ ዝም አሰኘው ወይስ አብሮት አሰበ፥ ይህንም ጨምሮ ይጻፍ።