ፍሕም፣ ሐሠር፣ የነቃ ከሰል

መቐለ ላይ ከሰል የሚገዛ ሰው «ፈሓም» ይላል። ቃሉ የግእዙ «ፍሕም» ነው፤ ዐረቡም «ፈሕም» ይለዋል። አማርኛ የጉሮሮውን «ሕ» ዋጠና «ፍም» አስቀረ፤ ትርጉሙም አብሮ ጠበበ። ፍም የምንለው የቀላውን ብቻ ነው፤ የበረደው «ከሰል» ነው።

«ካርቦን» ከዚሁ ምድጃ ወጣ። በላቲን «ካርቦ» ከሰል ነው፤ ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዚዬና ባልደረቦቹ በ1787 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪን ስያሜ ሲያድሱ ለንጥረ ነገሩ ሰጡት። ካርቦን ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ «ዲ» በግሪክ ሁለት፣ «ኦክሲስ» ደግሞ ስል፣ ኮምጣጣ። ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በከሰል መያዝ፣ የነደደውን ካርቦን ባልነደደው መያዝ ነው።

ይህ መቐለ ላይ የት ይሞከር? የከተማዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ነው። «ኢንዱስትሪያ» በላቲን ትጋት ነበር፤ «ፓርክ» ደግሞ አጥር የከበበው መሬት። ጋዙን ለመያዝ ግን በዚያችው ከተማ ያለውን መሰቦ የሲሚንቶ ፋብሪካ ማየት ይሻላል፤ የሲሚንቶ ምድጃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያወጣው ከነዳጁ ብቻ ሳይሆን ከሚጋገረው የኖራ ድንጋይ ውስጥም ነው። ጋዙን የሚይዝ ከሰል ቢፈለግ ጥሬ ዕቃው ከአውድማ አይጠፋም፤ ትግርኛ «ሓሰር» ይለዋል፣ ግእዝ «ሐሠር»፦ ገለባ፣ እብቅ። አማርኛ «አሰር» ብሎ ወረሰው፤ ዛሬ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በአትክልትና በጥራጥሬ ውስጥ ላለው ቃጫ ሰጥተውታል።

ሐሠሩ አየር በታፈነበት ይከስላል። ከዚያ በ800 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በእንፋሎት ወይም በራሱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ «ይነቃል»። እዚህ ግሥ ላይ መቆየት እወዳለሁ። ግእዝ ሁለት ቃላት አሉት፦ «ነቅሀ»፣ ከእንቅልፍ ተነሣ፤ «ነቅዐ»፣ ተሰነጠቀ። ምንጭም «ነቅዕ» ይባላል፤ መሬት ሰንጥቆ ይወጣልና። በአማርኛ «ሀ» እና «ዐ» ሲጠፉ ሁለቱም «ነቃ» ሆኑ። ሰውዬው ነቃ፣ እንስራው ነቃ። ልጆቻቸው ግን አልተምታቱም፤ «ንቃት» የፊተኛው፣ «ንቃቃት» የኋለኛው ነው። ባለሙያው «የነቃ ከሰል» ሲል መቀስቀሱን ያስባል፤ ምድጃው ውስጥ የሚሆነው ግን መሰንጠቅ ነው። እንፋሎቱ ከሰሉን እየበላ ቀዳዳዎቹን ይከፍታል፤ ብዙዎቹ ከ2 ናኖሜትር ይጠብባሉ። የ1 ግራም ከሰል የውስጥ ገጽ ከ1,000 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። «አክቲቬትድ» የሚለውን ትተን «የነቃ»ን የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ሁለቱንም ሥር ይዟል።

ጋዙ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። «መጠጠ» ማለት አይበቃም፤ የተመጠጠ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ይህ ግን ገጽ ላይ ይቀራል። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ካይዘር በ1881 እ.ኤ.አ. «አድሶርፕሽን»ን ከ«አብሶርፕሽን» ለይቶ የሰየመው ለዚሁ ነው። ግእዝ «ለጸቀ» አለው፦ ተጣበቀ፣ ተያያዘ፤ በዐረብኛ «ለሲቀ»። «ጸጉር» «ጠጉር» እንደሆነ ሁሉ እሱም በአማርኛ «ለጠቀ» ሆነ፤ ትርጉሙ ግን ወደ «ቀጥሎ መጣ» ዞረ። «ልጠቃ» ብለን ለኬሚስትሪው ብንመልሰው ደስ ይለኛል። ተቃራኒውም ቅርብ ነው፦ ሲሞቅ ወይም ግፊቱ ሲቀንስ ከሰሉ ጋዙን ይለቃል፣ ለሌላ ዙርም ይመለሳል።